የቀኝ እግሯ የረዘመ ባ

አባቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በወረደ ቁጥር ወርክሾፔ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ግን አይገባም። ከበሩ ውጭ፣ ዋንዛው ሥር፣ አንድ የተሸራረፈ ብሎኬት አለ፤ እሱ ላይ ጋቢውን ሰብስቦ፣ መቋሚያውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ ይቀመጣል። እኔ እጄን በጋዝ ጠራርጌ እወጣለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህቶቼ፣ ስለ ጎረቤት የድንበር ክርክር እናወራለን። ሻዩን ይጠጣል፤ ከዚያ «በል ወደ ሥራህ ግባ» ይለኛል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ጊዜ በረዶ ሲወርድ እንኳ ጃንጥላ ተቀብሎኝ እዚያው ብሎኬቱ ላይ ቁጭ ብሎ አሳለፈው። ሰው ሁሉን ይለምዳል ይሉኛል፤ እኔ አልለመድኩትም። በመጣ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ በሄደ ቁጥር እበሽቃለሁ።

ሥራዬ ሊቶግራፍ ነው፤ በድንጋይ ማተም። አብዛኛው ሰው «ድንጋይ ትቀርጻለህ ማለት ነው?» ይለኛል። አልቀርጽም። ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ወይም ቀለም እስላለሁ። ድንጋዩን ሙጫና ጥቂት አሲድ አጠጣዋለሁ፤ ቆይቼ በስፖንጅ ውሃ አለብሰዋለሁ። ውሃው ባዶውን ቦታ ይይዛል፤ ቅባቱ ደግሞ ውሃውን ይገፋል። ከዚያ በሮለር ቀለም ሳንከባልልበት ቀለሙ የሚይዘው የሣልኩት ላይ ብቻ ነው። ወረቀት አለብሼ በማተሚያው አሳልፈዋለሁ። ስገልጠው ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ግን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ነው። በቃኝ ስል ድንጋዩን በአሸዋና በውሃ እፍቀዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ሰው ባዶ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ድንጋይ በየቦታው አይገኝም። እኛ ያሉን ሁለት ናቸው። ያገኘኋቸው ፒያሳ አካባቢ፣ በጣልያን ጊዜ የተሠራ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ሴቶች ልብስ ያሹባቸው ነበር። ከአንደኛው ጥግ ላይ ያልለቀቀ፣ የተገለበጠ የፈረንጅ ፊደል አየሁና ልቤ ዘለለች። ሴቶቹ በሲሚንቶ ገንዳ ለወጡኝ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሣሣቃሉ። ስናጓጉዝ አነስተኛው ለሁለት ተሰነጠቀ። ስለዚህ የምናትምበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለማንሣት አራት ጎልማሳ ይፈልጋል። የማስተምርበት ኮሌጅ ተማሪዎች ሁሉ በየተራ የሚስሉት በዚያ በአንዱ ላይ ነው።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነው። ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በመቃ ብርዕ መጻሕፍትን ሲገለብጥ ነው ዕድሜው ያለፈው። እዚህ ላይ «ሲገለብጥ» ያልኩት መቅዳት ለማለት ነው፤ የኔና የሱ ጠብ ግን የመጣው ከሌላኛው መገልበጥ ነው። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ ግዕዙንም በጨዋታ ነው ያስጀመረኝ። በራችን ሥር ቁጭ ብለን ሰው ሲገባ «ቦአ» ይላል፣ እኔ «ገባ» እላለሁ፤ ሲወጣ «ወፅአ» ይላል፣ «ወጣ» እላለሁ። አንዲት ወሬ የምትወድ ጎረቤት ነበረችን፤ በቀን አምስት ጊዜ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር አባትና ልጅ ስንንሾካሾክ እናቴ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። የሱን ጆሮ መቆንጠጥ ስለማትችል መሰለኝ።

አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ የተመለስኩ ጊዜ አገር ቤት ለሁለት ወር ተቀመጥኩ። ድንጋይ ላይ ለመጻፍ ፊደሉን ገልብጦ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያኔ ወረቀቱ ላይ ይቃናል። እጄ እንዳይረሳ ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ጓሮ ቁጭ ብዬ ከቀኝ ወደ ግራ፣ የተገለበጠ ሀሁ እሞላ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ጀርባዬ ላይ ሲተነፍስ ይሰማኛል። «አየህ አባ፣ ለመድኩት» አልኩት። ጅል ነኝ፤ እንዲያመሰግነኝ ነበር የጠበቅሁ።

ባካባቢያችን ፊደል ገልብጦ የሚጽፍ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚጽፍ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለውን ጽሕፈት ጠላትን ለመጣል፣ የሰው ትዳር ለማፍረስ ነው የሚፈልጉት ይባላል። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ «እባክህ አንዲት ክታብ» እያሉ ጨለማን ተገን አድርገው የሚመጡትን ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። እጁ ንጹሕ እንደሆነ የሚኮራው በዚያ ነው። ወረቀቴን አነሣና አየው፤ መልሶም አስቀመጠው፤ አልቀደደውም። «ምነው ልጄ፣ እኔ ያስቆጠርሁህን ፊደል?» አለኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ወረቀቱ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚቃናው። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። «እንግዲያስ ሥራው። እኔ ግን ከምትገለብጥበት ቤት እግሬ አይገባም» አለ። አባቴ ደግሞ ያለውን ነገር የሚያደርግ ሰው ነው፤ ይህ ነገሩ ከማንም በላይ እኔን ጎድቶኛል።

የታተሙትን ሥዕሎች እያወጣሁ አሳይቼው አውቃለሁ። «ሸጋ ነው» ይላል፤ እንግዳ ሰው እንደሚለው። እኔ የምፈልገው ግን ሸጋ እንዲለኝ አይደለም። ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስሠራ አንድ ጊዜ እንዲያየኝ ነው። ብርዕ የምይዘው በሱ አያያዝ ነው፤ ትንፋሼን የምይዘው መስመር ስጀምር ነው፣ ይህም የሱ ነው። ከሱ የወሰድኩትን በዐይኑ አይቶ «የኔ ነው» እንዲለኝ እፈልግ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ተማሪ እያስመረቅሁ፣ ይህ ነገር እንደ ልጅ ያስለቅሰኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል።

ባለፈው ዓመት ከጥቅምት በኋላ ዐይኑን ለማሳየት መጣ። አዘዞ ቤቴ አረፈና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ብዙ አየችው፣ በየመሣሪያው አስደገፈችው። ከዚያ እኔን ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ያሳዩአቸው» አለችኝ። ስመለስ «ምን አለችህ?» አለኝ። «ጠብታ አዘዘችልህ» አልኩት። ዋሸሁት ማለት አይደለም፤ ጠብታም አዝዛለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለመንኩት። ጉልበቱን ይዤ፣ ሰው እየሰማን፣ «አባ፣ አንድ ቀን ብቻ ግባልኝ» አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ቆየ። ምን ያህል እንደሚታየው አላውቅም። «ምነው፣ ያልሁትን መልሼ ልብላው?» አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም። ከዚያ በኋላ ስለ ሚኒባሱ ወንበር ጥበት ተናገረ።

በማግሥቱ ረቡዕ እኔ ሳስተምር እሱ እንደ ልማዱ ውጭ ብሎኬቱ ላይ ነበር። ተማሪዎቼ ይወዱታል፤ «የኔታ» ይሉታል፤ በዕረፍት ሰዓት ከበው ያስተርቱታል። ያን ቀን የማስተምረው ስለ ፊደል ነበር። በና ሰ፣ ወና ቀ ደጋጎች ናቸው፤ ገለበጥካቸውም አልገለበጥካቸውም ያው ናቸው። አስቸጋሪዎቹ እግራቸውን የሚያስረዝሙት ናቸው። ባ የቀኝ እግሯ ረጅም ነው፤ ስትገለበጥ የግራው ይረዝምና ቦ ሆና ቁጭ ትላለች። ሳ ሶ ትሆናለች፤ ሻ ሾ ትሆናለች። ሌላው ፊደል ሲገለበጥ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል፤ እነዚህ ግን ሌላ ትክክለኛ ፊደል ሆነው ይሸውዱሃል። ይህን በየዓመቱ እላለሁ፤ በየዓመቱም አንድ ሰው ይሸወዳል።

የዚያን ቀን የተሸወደችው ከአዲ አርቃይ የመጣች ተማሪ ነች። ጎበዝ ሠዓሊ ናት። ጎርጎራ ሄዳ ያየችውን ዓሣ እያንዳንዱን ቅርፊት ሳትቀር ሥላ፣ ከሥሩ በትልቁ «አሳ» ብላ ጻፈች፤ መገልበጡን ግን ረሳችው። ወረቀቱ ሲገለጥ «ሶአ» ይላል። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። አንዱ «ሶአ የሚባለው አውሬ የት ነው የሚገኘው?» ይላል፤ ሌላው «ከአዲ አርቃይ በታች» ይላል። ልጅቱ ራሷ እየሣቀች ወረቀቷን ይዛ ለየኔታ ልታሳይ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

አባቴ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። የቀረው ዐይን ያቺን ታህል ነበር። «ሶአ ምንድን ነው?» አላት። «አሳ ለማለት ነው የኔታ፤ ድንጋዩ ገለበጠብኝ» አለችው። እሱ ግን የተገለበጠው አላናደደውም። «አሳ?» አለ ቀና ብሎ፤ «በእሳቱ ሳ ነው ዓሣ የሚጻፍ? ጠብሰሻታል እኮ! በንጉሡ ሣ ነው እንጂ! መነሻዋም ዐይኑ ዓ ናት።» ልጅቱ በሣቅ ብሎኬቱን ተደገፈች። እሱ ግን አልጨረሰም። ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ «ደሞ ይህ አንገት ነው? የተሰበረ የማረሻ ድግር ይመስላል። እንዲህ ያለ ፊደል አትመው ሰው ያያል?» አለ። ዕድሜውን ሙሉ አንገት ሲያቃና የኖረ ሰው ነው፤ እንዳይናገር ማድረግ አይቻልም።

«ታዲያ የኔታ ያሳዩን» አለችው።

«ብርዕና ድንጋዩን አምጡልኝ» አለ።

«ድንጋዩ አይወጣም አባ» አልኩት። «አራት ሰው ነው የሚያነሣው። የማተሚያው የፕሬሱም አልጋ ላይ ታስሯል።»

ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ ነገሩን ሁሉም ያውቁታል። እኔም አንድ ቃል ብናገር የማበላሸው መሰለኝና አፌን ያዝኩ። አባቴ መቋሚያውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። «ሸጋ ብርዕ አላችሁ? መቃ ነው?» አለ። «መቃ ነው፤ አንተ የቀረጽህልኝ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሰጠኝን እስካሁን እጠቀምበት ነበር። ተነሣ። ክንዴን ያዘ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ አማተበና እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ሰማኸኝ? ለመገልበጡ አንተና ድንጋይህ ትተዋወቃላችሁ።»

እንዴት እንደገባ አሁን ሳስበው ይምታታብኛል። የማስታውሰው ከደፉ ላይ እግሩን በጣም ከፍ አድርጎ ማንሣቱን ነው። ተማሪዎቹ ድንጋዩን ቀድመው ፍቀው አዘጋጁለት። ሲያዘጋጁ እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች በአፍንጫው እየነካ ማለት ይቻላል፣ አንድ በአንድ ዞረ። አንደኛው ላይ፣ አንድ ሰው ብራና ሲፍቅ በሣልኩበት ላይ፣ ቆየ። «ይህን ጉልበት የት አውቀዋለሁ?» አለና አለፈ።

ቀለሙን አቀረብኩለት። ብርዑን ነክሮ አሸተተው። «ጮማ ጮማ ይላል።» ጥቀርሻ፣ ሳሙናና ሞራ እንደሆነ ነገርኩት። «ሞራ! በረቡዕ ቀን!» አለና እጁን ሰበሰበ። ቀለሙን ልመልሰው ስል «እንግዲያው ጣቴን አልልሰውም» ብሎ ሣቀ። ወርክሾፔ ውስጥ አባቴ ሣቀ። ጠመኔ የማወጣ መስዬ ወደ ጥጉ ሄጄ ፊቴን ጠረግሁ።

«ምን ልጻፍልህ?» አለኝ። «አባ ብለህ ጻፍልኝ» አልኩት። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ በልጅነቴም አሁንም የምጠራው በዚያ ስለሆነ ብቻ ነው፤ አጭርም ስለሆነ ዐይኑ አይደክምም ብዬ። ትንፋሹን ያዘ። አን ጻፈ። ባን ጻፈ፤ ቀኝ እግሯን ጎትቶ ጎትቶ ታች አደረሳት። ፊደሎቹ እንደ ጥንቱ የቆሙ፣ ወፍራም፣ አንገታቸው የተቃና ነበሩ።

ድንጋዩን ሙጫና አሲድ አጠጣሁት። ሲጠጣ ምሳችንን በላን፤ አባቴ ወንበር አስመጥቶ እዚያው ውስጥ ሽሮውን በላ። ከሰዓት በኋላ አጠብኩት፣ ውሃ አለበስኩት፣ ቀለም ሰጠሁት፣ ወረቀት አለበስኩት። እሱ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል፤ ሮለሩ ሲንጫጫ «አሁን ምን አደረግህ?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። ወረቀቱን ጥጉን ይዤ ገለጥኩት።

አሥራ አምስት ዓመት ባ ትገለበጣለች፣ ቦ ትሆናለች እያልኩ ያስተማርኩ ሰው አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት። ወረቀቱን ሰጠሁት።

አፍንጫው ጋር አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደበት። «ቦ» አለ። ቆይቶ «አ» አለ። ወረቀቱን ዝቅ አደረገና ፊቱን ወደ በሩ፣ ብርሃኑ ወደሚመጣበት፣ አዞረ። «ቦአ» አለ።

«ገባ» አልኩ እኔ። አስቤበት አይደለም፤ ከልጅነቴ ከአፌ ወጣ።

ከተማሪዎቹ ግማሾቹ አልገባቸውም። የአዲ አርቃይዋ ልጅ ገብቷት ኖሮ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ አባ ብዬ ጻፍሁ። ድንጋይህ ደግሞ ቦአ አለ» አለኝ አባቴ። «ሐሰት አልተናገረም። ይገልብጥ።» ወረቀቱንም በአራት አጥፎ ከእናቴ ፎቶ ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሥራ እንዲህ አይታጠፍም ልለው ነበር፤ ተውኩት።

በማግሥቱ የአምባ ጊዮርጊስ ማኪና በአምስት ሰዓት ይነሣል። ከሰዓት ደግሞ ተማሪዎቹ ፈተና አላቸው፤ ድንጋዩ መፋቅ አለበት። እኔ ለመፋቅ እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ድንጋይ ከየትም ላምጣ፣ ፈተናው ይተላለፍ፣ ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። አባቴ ቦርሳውን ይዞ ሊሰናበተኝ መጣ፤ ብሎኬቱን አልፎ በሩን በመቋሚያው ፈልጎ ገባ። ምን እንደቸገረኝ ስነግረው ተገረመብኝ። «ፋቀዋ! ስንት ብራና ፍቄ አይደል የኖርሁ? የትኛው ነው የሚፋቅበት?» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

አሸዋና ውሃ አፈሰስኩለት። ከተሰነጠቀው ትንሹ ድንጋይ ግማሹን በትልቁ ላይ አስያዝኩት፤ እያዞረ የሚያሽበትን ዙር አሳየሁት፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያሳየሁት። ወዲያው ያዘው። እኔም ተማሪዎቼም እንዲህ እኩል አድርገን ፍቀን አናውቅም። በየመሀሉ ውሃውን በመዳፉ ጠርጎ ይዳስሳል። ድንጋይ ላይ ግን ጽሕፈቱ በእጅ አይገኝም፤ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሚጠይቀው እኔን ነው። «ጠፋ?» ይለኛል።

ጠፍቶ ነበር። አ ቀድማ ሄደች፤ የባ ረጅም እግር ትንሽ ቆይታ ሄደች። ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ውሃው ሥር ያበራል። አራት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ቦርሳው በሩ ሥር ነው።

«ገና ነው አባ፤ ትንሽ ይቀረዋል» አልኩት።

መዳፉን ድንጋዩ ላይ አደረገና ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ወሰደው። ያ መዳፍ ስልሳ ዓመት ብራና የዳሰሰ ነው፤ የእኔን ዐይን የሚጠብቅ አይደለም። ያለቀለትን ነገር ከልስላሴው ያውቃል። ለአፍታ ቆመ፤ የሚነሣ መሰለኝ።

«ይቀራል ካልኸኝ ይቀራል» አለኝ። «አሸዋ ጨምርበት።»

ጨመርኩበት። ዙሩን ቀጠለ፤ እኔም ከፊት ለፊቱ ቆሜ ድንጋዩን በሌላኛው ጫፍ ያዝኩለት። የአምባ ጊዮርጊሱ ማኪና በሰዓቱ ሄደ።